ሳልፈርም ስሜ የገባበት ደብዳቤ

ዛሬ ስሜን ሰረቁኝ። ብዕሩን የያዘው ሠላሳ ዓመት የማውቀው የእድራችን ጸሐፊ ነው።

እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ፌርፋክስ ሰፈር በነበረን ስብሰባ ለስቴቱ ምክር ቤት ተወካያችን የሚላክ ደብዳቤ አነበበ። የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት የስቴቱ ወጪ በየዓመቱ ከተወሰነ ልክ በላይ እንዳያድግ ይከለክላል፤ ደብዳቤው ይህ ገደብ እንዲነሳ ይጠይቃል። ከፈራሚዎቹ አንዱ እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

እኔ ግን ገደቡን እደግፋለሁ። መዝገበ ቃላት ይዤ ሕጉን ብቻዬን አንብቤዋለሁ። ሲያገኝ ሁሉን የሚያወጣ መንግሥት ሲቸግረው መጀመሪያ የሚጥለው ደካማውን ነው።

«ማን ፈረመልኝ?» አልኩት።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። እድር ሲቀሩ ስምዎ ሲጠራ ‹አሉ› እልልዎት የለም? ያው ነው ብዬ ነው።»

«ያ ከቅጣት ለማዳን ነው። ይሄ ሐሳቤ ነው።»

«ሶ፣ ታዲያ የእትዬ ረዳት ሰዓት ይቀነስ?»

ባለቤቴ አልጋ ላይ ከዋለች ቆየች። ለምትረዳት ሴት የሚከፍለው ስቴቱ ነው፤ በገደቡ ምክንያት ሰዓቷ ሊቀነስ እንደሚችል ሁላችንም ሰምተናል።

«ከተቀነሰ እኔ አገላብጣታለሁ» አልኩ።

ከኋላ አንዱ «ኦኬ፣ ሕገ መንግሥቱን እያነበቡላት» አለ። ሳቁ። የሳቁት ታክስ ሲጨመር ከሁሉ በላይ የሚጮሁት ናቸው። ስሜን ሰርዤ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «ደብዳቤው ሄደ?» አለችኝ። ለካ ጸሐፊውን በስልክ «ለሱም ፈርምለት» ያለችው እሷ ናት።

ትራሷን አስተካከልኩላት።

ሳትፈርሙ የተፈረመላችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉ፣ አነብባለሁ። እኔ ግን ከዚህ በኋላ ስለዚህ ነገር ከማንም ጋር፣ ከእሷም ጋር ቢሆን፣ አልነጋገርም።