መሪውን ያስረከበው ሾፌር

ሰይፈሥላሴ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ሃያ አራት ዓመት ሰው አመላልሷል። መናኸሪያው ውስጥ ሙሉ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሁሉም ጋሽ ሰይፉ ነው የሚለው። በዚያ ሁሉ ዘመን ሰው ገጭቶ፣ መኪና አጋድሞ አያውቅም። በክረምት ጭቃ ጎማው ሲሰምጥ እንኳ ራሱ ይወርዳል፣ ራሱ ድንጋይ ይደለድላል፣ ራሱ ያወጣዋል እንጂ ሌላ ሾፌር ሲያግዘው አይወድም። የሚነዳው ቅጥቅጥ የአቶ ዘሥላሴ ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ ራሱ ሳይቀር «የሰይፉ መኪና» ነበር የሚለው።

እምነት የለሽ ሰው አልነበረም። ይጾማል፣ እሑድ ያስቀድሳል፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ መኪናውን አቀዝቅዞ ይሳለማል። ልቡ የሚያርፈው ግን በገዛ እጁ ላይ ነበር። ከመነሳታቸው በፊት ከተሳፋሪዎቹ አንዷ እናት «እስቲ አባታችን ሆይ ብለን እንነሳ» ካለች፣ ቁልፉን እያዞረ «እናቴ፣ መሪው እኔ እጅ ላይ እስካለ አይስጉ» ይላታል። ሰዉ ይስቃል፤ እሱም ደስ ይለዋል። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነት መስሎት ነው።

ዓይኑን ማመም የጀመረው አንድ የጥምቀት ሰሞን ነው። ማመም ይባል እንጂ አይቆጠቁጠው፣ አያስለቅሰው። በቀስታ፣ ከጎን ከጎን እየተሸረፈ ነው የሄደበት። ፊት ለፊት ያለው ይታየዋል፤ ከግራና ከቀኝ የሚመጣው ግን ድንገት ከመሬት የበቀለ ይመስለዋል። ቤት ውስጥ የበር መቃን ትከሻውን መታው። ገበያ መሐል ከአንዲት ሴት ጋር ተጋጭቶ ይቅርታ ጠየቀ። ሚስቱ ገነት ይህን ሁሉ አየች።

«ዓይንህን ታየው» አለችው።

«ደክሞኝ ነው።»

«ድካም በር አያስመታም።»

ሰይፉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘዴ ፈጠረ። አንገቱን እንደ ዶሮ ወዲያና ወዲህ እያዞረ መንዳት ያዘ። ረዳቱን ወልደአረጋይን፣ የአምስት ልጆች አባት የሆነውን ጎልማሳ፣ ከበሩ አጠገብ ቆሞ የቀኙን እንዲነግረው አዘዘው። ወልደአረጋይ ለምን እንደሆነ አልጠየቀም። ጋሽ ሰይፉን መጠየቅ ልማዱ አልነበረም። ከአራት ዓመት በፊት መንጃ ፈቃድ አውጥቶ «አንዳንድ ቀን ሜዳው ላይ ልያዝልዎት?» ሲለው፣ «ይሄ መንገድ መለማመጃ አይደለም» ብሎ መልሶታል፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተነስቶ አያውቅም።

ሰይፉ ያልታየውን ሁሉ በትዝታው እየሞላ ዓመት ከመንፈቅ ነዳ። እያንዳንዱን ኩርባ፣ እያንዳንዱን ፍሳሽ ያውቀዋል። ማታ ቤቱ ሲገባ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ይገኛል።

ነሐሴ ሁለት ቀን፣ የፍልሰታ ጾም በገባ ማግስት፣ ሃያ ሰባት ሰው ጭኖ ከደብረ ብርሃን ወጣ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ እማሆይ ፍቅረ ማርያም ነበሩ፤ ሱባኤ ለመያዝ ወደ ገዳማቸው የሚመለሱ፣ ቢጫ ልብሳቸው ከአካላቸው የሚበልጥ ደቃቃ መነኩሴ። ሜዳውን በደህና አለፉት። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ጉሙ ከሥር ከቆላው ተነስቶ መጣባቸው። እንዲህ ያለ ጉም ሰይፉ ሞልቶ አይቷል። መብራቱን አበራ፣ ማርሹን ቀነሰ፣ የዝናብ መጥረጊያውን አስነሳ። መንገዱን በቃሉ እየቆጠረ ወረደ። ትልቁን ዐለት አለፍኩ፣ አሁን ወደ ግራ ይዞራል፣ አለ በልቡ።

ዐለቱ ሌላ ዐለት ነበር።

የፊት ግራ ጎማው ከመንገዱ ወርዶ ሰመጠ። ሰይፉ ፍሬኑን ረገጠ፣ የእጅ ፍሬኑንም ሳበ። ጎማው የነካቸው ድንጋዮች ሲንከባለሉ ሰማ፤ መጨረሻ ላይ የሚያርፉበትን ድምፅ ግን አልሰማም። ሳያውቀው መንገዱን አቋርጦ የገደሉን ጠርዝ ይዞ ነበር።

ወልደአረጋይ ዘሎ ወረደና ተመለሰ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ሰዉን ቀስ ብለን እናውርድ» አለ። የመኪናው በር በተራራው በኩል በመሆኑ አንድ በአንድ አወረዷቸው። መጨረሻ ላይ ሰይፉ በዚያው በር ወረደ። እግሩ መሬት ሲነካ መኪናውን ተደግፎ ቆመ። ሃያ ሰባቱም ሰው ዙሪያውን ነበር። በጉሙ ማመካኘት ይችል ነበር፤ ማንም አይጠረጥረውም። ለአፍታ ያህል አሰበውም። ከዚያ ግን አፉ ሌላ ተናገረ።

«ወገኖቼ፣ ጉሙ ብቻ አይደለም። ዓይኔ ከታመመ ዓመት አልፎታል። ለማንም አልተናገርኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሞላልኝ የሚባል፣ ሚስቱንና የአራት ወር ልጁን ይዞ የተሳፈረ ሰው ወደ ፊት ወጣ። «ይህን እያወቁ ነው የጫኑን?»

«እያወቅኩ ነው።»

ሞላልኝ ብዙ ሊናገር መጥቶ ነበር። ነገር ግን የሚከራከረው ሰው ስላጣ ልጁን ከሚስቱ ተቀብሎ ጋቢው ውስጥ ሸፈነው።

ያን ጊዜ እማሆይ ፍቅረ ማርያም መቋሚያቸውን መሬት ላይ ነካ ነካ እያደረጉ ቀረቡ። «እሺ፣ ተናገርክ። አሁን ከዚህ የምንወርድበትን እንፈልግ» አሉት። «እዚህ መቆየት ይሻላል?»

«አይሻልም እማሆይ። የጭነት መኪና ከላይ ከመጣ ሳያየን ይገጨናል። ሦስት ኩርባ ወረድ ብሎ ሰፊ ቦታ አለ።»

«አውቀዋለሁ። ይህ መንገድ መኪና ሳይመላለስበት በእግሬ ስወጣው ስወርደው የኖርኩበት ነው። ፊት ፊት እሄዳለሁ፤ ልብሴን እያያችሁ ተከተሉኝ።»

«ይወድቃሉ፣ እማሆይ።»

«ከወደቅኩ ታነሱኛላችሁ።»

ሰይፉ ወደ ወልደአረጋይ ዞረ። ሃያ አራት ዓመት ለማንም ያልሰጠውን ቁልፍ ዘረጋለት። «እማሆይ ኩርባው ላይ ወደ ጎን ሲሉ ለኔ አይታዩኝም። አንተ ትነዳለህ» አለው። ከዚያም በሌላ ድምፅ፣ እንደሚለምን ሰው፣ «ንዳልኝ» አለ።

ወልደአረጋይ ቁልፉን ተቀብሎ መሪው ጋ ተቀመጠ። መጀመሪያ መኪናውን ከጠርዙ ወደ ኋላ ማስመለስ ነበረበት። ሞላልኝ ልጁን ለሚስቱ መልሶ ትልቅ ድንጋይ አነሳና «ታኮውን እኔ እይዛለሁ» አለ፤ ከጎማው ጎን ሆኖ መኪናው በተንሸራተተ ቁጥር ሊደግፍበት። ሌሎቹ ወንዶች ከፊት ገፉ። ጎማው ሁለት ጊዜ ባዶውን ተሽከረከረ፣ በሦስተኛው መንገዱን ያዘ።

ሰይፉ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። እጁ የሚይዘው አጥቶ ጭኑ ላይ ተቀመጠ። ፊት ለፊት ነጭ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ነው ጸሎት የመጣለት፤ በቃሉ ከሚያውቀው ረጅም ጸሎት አንዱም አይደለም። «ጌታ ሆይ፣ እኔ አልቻልኩም። አንተ አውርደን» አለ። ይህን ብቻ። ከተናገረው በኋላ ከትከሻው አንድ ነገር እንደተነሳለት ሆኖ ተሰማው፤ ዓመት ከመንፈቅ ብቻውን የተሸከመው ነገር።

«አንደኛ ማርሽ ላይ ይሁን» አለ ለወልደአረጋይ። «ፍሬኑን አታብዛው፣ ሞተሩ ይያዘው። እማሆይ ሲያዘነብሉ አብረህ አዘንብል።»

«ይታዩኛል ጋሼ።»

«እንግዲያው ጥሩ ነው።»

ሦስቱን ኩርባ ለመውረድ አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው። እማሆይ ፊት ፊት፣ መቋሚያቸው ጠርዙን እየፈለገ፤ ሞላልኝ ድንጋዩን ታቅፎ ከኋላ ጎማ ጋር፤ ሌላው ሰው ተራራውን ተጠግቶ ከኋላ። አንዳንዴ እማሆይ ቆም ብለው ይስላሉ፤ መኪናውም አብሮ ይቆማል። ሰፊው ቦታ ሲደርሱ ጉሙ እየሳሳ ነበር። ወልደአረጋይ ሞተሩን አጥፍቶ ግንባሩን መሪው ላይ ደገፈ። ሰይፉ ሲወርድ የመኪናውን ደረጃ ሳተው። ሞላልኝ ድንጋዩን ጣለና በክንዱ ያዘው። «እዚህ ጋ ይርገጡ» አለው። ሰይፉ ክንዱን አልነጠቀም።

ቀሪውን መንገድ ወልደአረጋይ ነዳ፤ በማግስቱም መኪናውን ባዶውን መለሰው። ሰይፉ ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደ አቶ ዘሥላሴ ቤት ሄዶ የሆነውን ሁሉ አንድም ሳይደብቅ ነገረው።

አቶ ዘሥላሴ «ለምን አልነገርከኝም?» አለ።

«ያለኔ ይህ መንገድ የሚነዳ አይመስለኝም ነበር።»

«መኪናውንስ ለማን ልስጥ?»

«ለወልደአረጋይ። አራት ዓመት መሪ ያላስያዝኩት እኔ ነኝ። እሱንም ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።» ጠየቀውም፤ በዚያው ዕለት፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ልጆቹ እያሉ። ወልደአረጋይ አፍሮ መሬት መሬት ያይ ነበር። «ኧረ ጋሼ፣ መንገዱን እኮ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» ብቻ ነው ያለው።

ዓይኑን ያየችው ሐኪም ልጅ እግር ናት፤ ነገር አላለባበሰችም። የዓይን ግፊት ነው አለችው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረው ግን ጠብታው ካልተቋረጠ ይቆያል፤ መንዳት ግን ከእንግዲህ የለም። ገነት አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ሲወጡ «ቀድመን ብንመጣ ኖሮ» ትለኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ክንዱን ያዘችና «አስፋልቱ ጋ ደርሰናል፤ መኪና ይለፍ» አለችው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ቀላል አልነበሩም። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዱ ይነቃል፤ የሚሄድበት ግን የለውም። ጠብታውን ራሴ ልጨምር ብሎ ሦስት ቀን ጉንጩን አጠበው። በአራተኛው ቀን ጠርሙሱን ለገነት ሰጠና ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ዘንበል አደረገ። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ እሷ ናት የምትጨምርለት። ስትጨምር ትንሽ ያወራሉ። በትዳራቸው ውስጥ እንዲህ በየቀኑ ፊት ለፊት ተያይተው የተቀመጡበት ጊዜ እንዳልነበረ አንድ ቀን ትዝ ብሎት ነገራት። «መቼ ቤት ኖረህ ታውቃለህና» አለችው እየሳቀች።

ኅዳር ላይ መናኸሪያው ውስጥ ሥራ አገኘ። ሥራው «አንኮበር፣ አንኮበር፣ የሞላ» እያሉ ተሳፋሪ መጥራት ነው። ድሮ ለሚጣሩት ሰዎች ሰላምታ እንኳ በቅጡ አይሰጥም ነበር። አሁን አብሯቸው ይቆማል፤ ቀዝቃዛው ነፋስ ሲመጣ አብሯቸው ግድግዳ ይጠጋል፤ የማይታየውን ይጠይቃቸዋል። «የመጣው ማነው?» ይላል፤ ይነግሩታል። አሮጊት ስትመጣ ዕቃዋን ተቀብሎ፣ ደረጃውን በእጁ ዳስሶ ያሳፍራታል። ከመነሳታቸው በፊት ሰዉ ሲጸልይ ቆቡን አውልቆ ደጅ ቆሞ አብሮ ይጸልያል፤ ወልደአረጋይም እስኪጨርሱ ሞተሩን አያስነሳም።

አስፋልቱን ሲሻገር አጠገቡ ያገኘውን ሰው «እስቲ አሻግረኝ» ይላል። መጀመሪያ ቃሉ ይከብደው ነበር። አሁን እንደ ሰላምታ ነው የሚወጣው። በዚህ የተነሳ በደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር የማያውቃቸውን ሰዎች አወቀ፤ አሻጋሪ ሁሉ ስሙን ይነግረዋላ።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ እማሆይ ፍቅረ ማርያምን ለመጠየቅ ከገነት ጋር ተሳፈረ። እንደ ማንኛውም ሰው መሐል ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ቁልቁለቱ ሲጀመር ግንባሩን መስታወቱ ላይ ደግፎ ወደ ታች አየ። ከተራራው በታች ሌላ ተራራ፣ ከሱም ሥር ሌላ፣ ከዚያም ቆላው፣ ቡናማና ሰማያዊ ሆኖ ዓይን እስከሚደርስ ድረስ። ሃያ አራት ዓመት ሲመላለስ ዓይኑን ከመንገዱ ነቅሎ አያውቅምና ይህን አገር አላየውም ነበር።

«ገነት» አለ፣ «ከዚህ በስተግራ ምን አለ? እሱ አይታየኝም።»

ገነት በትከሻው ላይ አልፋ አየች። «ገብስ ነው። ሊታጨድ ደርሷል። ከሱ ወረድ ብሎ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አለ። ሁለት ሴቶች ውኃ ይዘው እየወጡ ነው።»

«ሌላስ?»

«ቆይ፣ ኩርባውን እንለፍና እነግርሃለሁ» አለችው።