የጋሼ ሱሪና አራቱ ደብዳቤዎች

ታላቅ እህቴን ሰፈሩ ሁሉ «መቀስ» ነው የሚላት። አፏ ስለታም ሆኖ አይደለም፤ አፏማ ከጥጥ የለሰለሰ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ጨርቅ ስትቆርጥ እጇ ስቶ ስለማያውቅ ነው። ግራ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለማይታዘዛት በምርኩዝ ትሄዳለች። ሥራ ላይ ግን ምርኩዟን ግድግዳ ታስደግፍና ዳሌዋን ከጠረጴዛው ጠርዝ አስጠግታ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች። እኔ ሁለት ጤነኛ እግር ይዤ ግማሹን አልችልም።

የዛሬ ዓመት የምትሠራበት ስፌት ቤት ባለቤት «ዓይኔ ደከመ፤ በመጪው ዓመት ቤቱን እዘጋለሁ» አሏት። ከድልድዩ ማዶ ትልቅ የልብስ ፋብሪካ ቆራጭ ይፈልግ ነበርና አመለከተች። አልተቀበሏትም። ደግማ አመለከተች፤ ሦስተኛ፤ አራተኛ። በእያንዳንዱ ጊዜ ማህተም ያለበት ቆንጆ ደብዳቤ መጣ።

እህቴ ወረቀት አትጥልም። ማስታወቂያ ይሁን የድሮ ካላንደር፣ ጀርባው ንጹህ ከሆነ ጨርቅ የሚለካበት የሱሪ ወይም የጃኬት ቅድ ይወጣዋል። የፋብሪካው ደብዳቤዎችም ከዚህ አላመለጡም። ዓይኗን በእጅጌዋ ትጠርግና ወረቀቱን ገልብጣ መቀሷን ታነሳለች።

ከአራተኛው በኋላ ግን «በቃ፣ እጄ ከድቶኛል። አራት ጊዜ ሰው አይሳሳትም። ከእንግዲህ አላመለክትም» አለችኝ። ስፌት ቤቱ ሊዘጋ አንድ ወር ቀርቶታል። አንድ እጅጌ ለመቁረጥ ሦስቴ ስትለካ አየኋት፤ ያኔ ነው የደነገጥኩት። እሷ ሁለቴ እንኳ ለክታ አታውቅም።

በዚያው ሳምንት ጎረቤታችን ጋሼ ሱሪ ሊያሰፉ መጡ። ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር ከዳር እስከ ዳር ሳያነቡ አይተውም። እህቴ ከወረቀት ቀጣጥላ የሠራችውን ቅድ በቀኝ እግራቸው ለካች፤ ለግራው ስትገለብጠው ጽሑፉ ወደ ውጭ ወጣ።

«አይንቀሳቀሱ ጋሼ፣ ስፒል አለው።»

«ቆይ እስቲ። ጉልበቴ ላይ ‹ልምድዎ ከተፈላጊው ያነሰ ሆኖ በመገኘቱ› ይላል።»

«ይተዉት፣ አሮጌ ወረቀት ነው።»

«ጭኔ ላይ ደግሞ ‹ልምድዎ ከሚፈለገው በላይ በመሆኑ›። ከጉልበቴ እስከ ጭኔ ይህን ሁሉ ልምድ ከየት አመጣሽው?»

እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም፤ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። የመጀመሪያው ደብዳቤ «ቦታው ተይዟል» ይል ነበር፤ በሳምንቱ ያው ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማስታወቂያው የሚጠይቀው የአምስት ዓመት ልምድ ነው። አራተኛው ደብዳቤ ምክንያትም የለውም። ያኔ የተቀጠረችው እህቴ ራሷ መቀስ አያያዝ ያስተማረቻት፣ ገና ሁለት ዓመት የሠራች ልጅ ናት።

«ፈትነውሻል?» አሉ ጋሼ።

«ተራመጂ ብለው አይተውኛል። መቀስ ግን አላስያዙኝም።»

ጋሼ በሐሳብ ተቀመጡ፤ ስፒሉ አስታወሳቸውና ብድግ አሉ።

«ስሚኝ ልጄ። አንዴ አይሆንም መባል መድልዎ አይደለም። አራቴም ላይሆን ይችላል፤ የተሻለ ሰው ይኖር ይሆናል። ግን መስፈርቱን አሟልተሽ፣ ምክንያታቸው በየጊዜው ሲገለባበጥ፣ ተያዘ ያሉት ቦታ እንደገና ሲለጠፍ፣ ካንቺ ያነሰች ስትገባ፣ ያን ጊዜ ይጠየቃል። የጠየቀ ሁሉ ይረታል አልልሽም። መልስ የመስጠት ተራው ግን የእነሱ ይሆናል። በይ፣ የኔን እግር አፍርሺና ደብዳቤዎቹን መልሺ።»

ከሰዓት በኋላውን ወለል ላይ ተንበርክከን ዋልን። እሷ የትኛው ጠርዝ ከየትኛው እንደሚገጥም በእጇ ታውቃለች፤ እኔ ፕላስተር እቆርጣለሁ። ሁሉም ገጠመ፤ የሁለተኛው ደብዳቤ ቀን ብቻ ጠፋ። የቅዶቿን ከረጢት ዘረገፍነው። አንገት፣ እጅጌ፣ የሕፃን ቀሚስ።

«የት ቆረጥሽው?» አሉ ጋሼ።

«የእርስዎ የኋላ ኪስ ቅድ ላይ» አለች ድንገት፤ እዚያው ተገኘ።

በማግስቱ ወደ መንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ወሰድናቸው። ኃላፊዋ ወረቀቶቹን ስትቀበል «ይሄ ምንድነው፣ ደብዳቤ ነው ሱሪ?» አለች። እህቴ «ሁለቱም ነበር እመቤት» አለቻት። ሴትየዋ ስቃ መዝገብ ከፈተች፤ ለፋብሪካውም ጽፋ የአመልካቾቹን ፎርም አስመጣች።

የሌሎቹ ፎርም ላይ የፈተና ውጤት ተሞልቷል። የእህቴ አራቱም ላይ የውጤቱ ቦታ ባዶ ነው። ዳሩ ላይ በእርሳስ አንድ ቃል ተጽፏል፤ «ምርኩዝ»።

እህቴ ታለቅሳለች ብዬ ክንዷን ያዝኩ። እሷ ግን ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ታያቸው ነበር። «እነዚህንማ ማንም አላያቸውም» አለች ቀስ ብላ። እኔ እዚያው ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

ኃላፊዋ ፋብሪካው እንዲፈትናት አዘዘች፤ እህቴም በእሷ ፊት እንደማንኛውም ሰው ተፈተነች። ጃኬት ቆረጠች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለክታ። አንደኛ ወጣች፤ ተቀጠረች። ጋሼን፣ ያቺን ሴት፣ ያንን ኪስ ሳይቀር ጠዋት ማታ አመሰግናለሁ።

ሥራ በጀመረች ማግስት ጋሼ ጉልበቱ ያብለጨለጨ አሮጌ ሱሪያቸውን ለብሰው መጡ። «የኔስ ነገር?» አሉ። እህቴ ቅዱን ይዛ ወጣች። አዲስ ወረቀት ነው፤ ጭኑ ላይ «መቀጠርዎን ስንገልጽ» ይላል።

ጋሼ ክው አሉ። «የቅጥር ደብዳቤሽን ቆረጥሽው?»

«ኮፒውን ነው ጋሼ» አለች ስፒሉን ከከንፈሯ እያወጣች። «አይንቀሳቀሱ።»