በቡና አልጋ ላይ የዋለ ተሸካሚ

ሄርማታ ሰፈር ያሉ የቡና መጋዘኖች ሙሐመድሳኒን የሚያውቁት በጀርባው ነው። አምስት ፈረሱላ የሞላ ኬሻ ተሸክሞ፣ ኤንትሬ የጭነት መኪናው ላይ በተጋደመው ሳንቃ ሽቅብ ሲወጣ ሳንቃው ይንቀጠቀጥ ነበር እንጂ እሱ ንቅንቅ አይልም። በጎረምሳነቱ ከሰቃ ገጠር መጥቶ በዚያ ጀርባ ቤት ሠርቷል፣ ኩልሱምን አግብቷል፣ አራት ልጆች አስተምሯል። «ላይችል አይሰጥም» እያለ፣ እውነቱን ለመናገር የማይቻለውንም ጭምር ሲችል የኖረ ሰው ነው።

የተሸካሚ ሥራ ጉልበት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። እነዚህ ሰዎች ኬሻ አንስተው አያውቁም። ሥራው ደንብ አለው። ሁለት አንሺዎች ግራና ቀኝ የኬሻውን ጆሮ ይዘው ከፍ ያደርጉና ጎንበስ ብሎ በሚጠብቀው ሰው ጀርባ ላይ ያሳርፉታል። እንዳሳረፉም ወዲያው አይለቁም። «ያዝክ?» ይላሉ። ተሸካሚው ክብደቱን በወገቡ መዝኖ፣ እግሩን አደላድሎ «ያዝኩ» ሲል ያን ጊዜ እጃቸውን ያነሳሉ። ይህን ቃል ሳይሰማ የሚለቅ አንሺ ሄርማታ ውስጥ ሰው አይባልም።

ከሙሐመድሳኒ ሁለት አንሺዎች አንዱ ከተማ የሚባል ነበር፤ ከመንዝ በልጅነቱ የመጣ፣ ቀጭን፣ ጨዋታ አዋቂ ክርስቲያን። አንዱ የሌላውን ሠርግና ልቅሶ ያውቃል፣ ልጆቻቸው ተደበላልቀው ነው ያደጉት። በ1996 ዓ.ም. ኅዳር፣ ቡናው ከአጋሮ በገፍ በሚገባበት ሰሞን፣ ከተማ ቃሉን ሳይሰማ ለቀቀ። ላብ ይሁን፣ ድካም ይሁን፣ ወይ በዚያች ቅጽበት ቀልድ እየነገረ ስለነበር ይሁን እሱ ራሱም አያውቅ። ኬሻው ተንሸራቶ በአግድም የሙሐመድሳኒን ወገብ መታው።

ከዚያ ወዲህ ያ ጀርባ እንደ ሳንቃ ደርቆ ቀረ። ሙሐመድሳኒ በከዘራ ከአልጋ እስከ ደጃፍ፣ ከደጃፍ እስከ አልጋ ሆነ። ከተማ አንድም ቀን ሳይቀር ይመጣል። እንጨት ይፈልጣል፣ ማንጎ ይዞ ይመጣል፣ ቁጭ ብሎም ስለ ምርጫው ክርክር፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰው ሁሉ ያወራል። ስለዚያች ቀን ግን እሱም አላነሳ፣ ሙሐመድሳኒም አላነሳ። እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

በ1997 ዓ.ም. ከፋሲካ ማግስት ባለው ሳምንት፣ ሆስፒታል ውስጥ ፊዚዮቴራፒ የምትሠራው ሲስተር ሰሎሜ ሙሐመድሳኒን ቁርጡን ነገረችው። የደሴ ልጅ ናት፤ ነገር አታሽሞነሙንም።

«ጋሼ ሙሐመድሳኒ፣ አጥንትዎ ድኗል። ያልዳነው ጡንቻዎ ነው። ሸክሙ ከወረደ ስንት ጊዜው፣ እርስዎ ግን አሁንም እንደ ተሸከሙ ነዎት።»

«ልፍታው ብዬ እምቢ አለኝ እኮ፣ ሲስተር።»

«ውሃ ውስጥ ይሞክሩት። ለብ ያለ ውሃ ላይ በጀርባዎ ይንሳፈፉ። አንዴ እንኳ ከፈታልዎ በዚያው እያሠራን እንቀጥላለን። ካልፈታ የመጪው ሳምንት ሐሙስ ተመልሰው ይምጡና አዲስ አበባ ለኦፕራሲዮን እጽፍልዎታለሁ። ከኦፕራሲዮን በኋላ እግርዎ እሺ ይልዎታል ብዬ ግን አልምልልዎትም።»

ኩልሱም ይህን ስትሰማ ሁለት ቀን እህል አልበላችም። ሙሐመድሳኒ ደግሞ እንደ ልማዱ ቀልድ ያዘ። «የት ልንሳፈፍ? ቦዬ ሐይቅ ገብቼ ጉማሬ ወገቤን ይሽልኝ?»

ውሃውን ያገኘው ከተማ ነው። በአጋሮ መንገድ ላይ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለ። የለቀማው ወቅት ካለፈ ሰው የለበትም፤ ለእጥበት የተቆፈረው ኩሬ ግን በበልጉ ዝናብ ጢም ብሎ ይሞላል። ዳር ዳሩ እስከ ደረት ነው፣ መሐሉ ብቻ ይጠልቃል። ዘበኛው ኦቦ ጀቤሳ ከባለቤቱ ፈቃድ አገኙ። ከተማም ከሥራ የቀረውን ሰዓት ሁሉ እዚያ እየዋለ መንሳፈፊያ ሠራ። ከማድረቂያ አልጋዎቹ አንዱን፣ እርጥብ ቡና የሚሰጣበትን ሽቦ የተወጠረበት ረጅም ቆጥ ማለት ነው፣ እግሮቹን ነቅሎ ከሥሩ ዐሥራ ሁለት ባዶ ጀሪካን አሰረበት። ላዩ ላይ ኬሻ አነጠፈ። ሙሐመድሳኒ ደከመኝ ባለ ጊዜ ወጥቶ የሚጋደምበት ነው።

በሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ሲሳፈሩ ኩልሱም በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በሳህን ቋጥራ ሰጠቻቸው። ፋሲካ ስላለፈ ከተማም ቅቤ ይበላል። ከዚያ ከተማን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ «እንደ ወሰድከው መልስልኝ» አለችው። ከተማ ሳህኑን በጉያው አድርጎ ሙሐመድሳኒን ደግፎ አሳፈረው።

ኩሬው ዳር ሲደርሱ ሙሐመድሳኒ ከዘራውን ተደግፎ ቆመ። ውሃው አረንጓዴ፣ ዙሪያውን የጥላ ዛፍ፣ ዛፉ ላይ ጉሬዛ ነጭ ጭራውን አንጠልጥሎ። ዳሩ አጠገብ የቡና አልጋው በገመድ ታስሮ ይወዛወዛል።

«ይኼን ሁሉ ለኔ ነው የሠራኸው?»

«ለጉሬዛው ነው። ግባ ዝም ብለህ!» አለ ከተማ።

ቁምጣውን ለብሶ፣ ከተማና ኦቦ ጀቤሳ ግራና ቀኝ ይዘውት፣ በቢስሚላህ ገባ። ውሃው ለብ ያለ ነበር። መጀመሪያ አልጋው ላይ አጋደሙት። ፀሐይዋ ሆዱን አሞቀችው፣ ከሽቦው በታች ውሃው ጀርባውን እየነካ ይመለሳል። ሙሐመድሳኒ በዕድሜው በሥራ ቀን እንዲህ ተንጋልሎ ሰማይ አይቶ አያውቅም። ያፈረ መሰለው፤ ሰው ሁሉ በሚሮጥበት ሰዓት! ወዲያው ደግሞ በልጅነቱ ሰቃ ወንዝ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ሲዋኝ የዋለባቸው ቀኖች ትዝ አሉትና፣ «አልሐምዱሊላህ» አለ ከልቡ። ታሞ ባይሆን ይህን ቀን ከየት ያገኘው ነበር?

አንድ ነገር ብቻ ገረመው። ንቦች መጥተው በአልጋው ዙሪያ ይዞሩ ጀመር።

«ከቴ፣ እነዚህ ጀሪካኖች የምንድን ናቸው?»

«የዘይት» አለ ከተማ ፈጠን ብሎ።

ከዚያ ዋናው ሥራ መጣ። ከተማ ውሃው ውስጥ እስከ ደረቱ ቆሞ፣ ሁለት እጁን ከሙሐመድሳኒ ጀርባ ሥር ዘርግቶ ያዘው። ለመንዝ ሰው ውሃ ወይ የሚጠጣ ነው ወይ ጠበል ነው፤ ዋና የሚባል ነገር አያውቅም። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» እያለ የእግሩን ጣቶች ጭቃው ላይ ተክሎ ቆሟል። ሙሐመድሳኒ ዓይኑን ጨፈነ።

«ያዝክ?» አለ ከተማ።

ሙሐመድሳኒ ወገቡን ለመፍታት ሞከረ። ጀርባው ከሥሩ ያለውን እጅ በሰማ ቁጥር ይብስ ይጨመደዳል። እግሩ ይሰምጣል፣ አንገቱ ይገተራል፣ ወገቡን ያመዋል።

«ያዝክ ወይ፣ ሳኒ?»

«አልያዝኩም። ቆይ።»

ከተማ ቆየ። ሃያ ጊዜ ጠየቀ፣ ሃያ ጊዜ «ቆይ» ተባለ። በየመሐሉ ወጥተው አልጋው ላይ ያርፋሉ፣ ጭኮ ይቀምሳሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። እኩለ ቀን አለፈ። የከተማ ከንፈር በብርድ ጠቁሮ ክንዱ ዛለ፤ ግን ቃሉን ሳይሰማ ሊለቅ አይችልም፤ ቢገድሉት አይለቅም። ሙሐመድሳኒም ይህን ያውቃል። ሐሙስ ሲስተር ሰሎሜ ወረቀት ስትጽፍለት፣ እግሩ እሺ ሳይለው ኩልሱም ስታገላብጠው እየታየው ይብስ ይደርቃል።

ኦቦ ጀቤሳ ዳር ተቀምጠው የምርጫ ክርክር በሬዲዮ ሲያዳምጡ ቆይተው ሰለቻቸው። «እኔስ ብሆን ምን ይለኛል?» አሉና ሬዲዮናቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ከዳሩ ወደ አልጋው ተሻገሩ። የረገጡት ጥግ ግን ቀስ በቀስ ውሃ ሲጠጣ የዋለው ጥግ ነበር። አልጋው በዚያ በኩል ዘጭ ሲል ወዲያ ማዶው ብድግ አለ። ሽማግሌው ሬዲዮኑን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ያ ረቢ!» እያሉ ተንሸራተቱ፣ የአልጋው ጠርዝም የከተማን ትከሻ መታው። ከተማን ጭቃው ከዳው፤ እጁም፣ እግሩም፣ ራሱም ጠፋ።

ሙሐመድሳኒ የከተማ እጅ ከሥሩ ሲሄድ ተሰማው። እንደ ኅዳሩ ሊወድቅ ትንፋሹን ስቦ ጠበቀ። አልወደቀም። ውሃው እዚያው ነበር። ለመያዝ የሚታገለው ነገር አልነበረም፤ ይዞ የሚያቆየውም ክብደት የለ። ከትከሻው ጀምሮ እስከ ወገቡ፣ ከወገቡ እስከ ተረከዙ፣ አንድ ዓመት ከመንፈቅ የተጨመደደው ሁሉ አንድ በአንድ ሲላቀቅ ተሰማው። ጆሮው ውሃ ውስጥ ስለነበር ዓለም ጸጥ አለች። ሁለቱ እግሮቹ ሳያዛቸው ወደ ላይ መጡ።

ከተማ እያሳለና ውሃ እየተፋ ብቅ አለ። ቢቆም ውሃው እስከ ደረቱ ብቻ መሆኑን እንኳ ረስቶ ይንደፋደፋል።

«ለቀቅኩህ! እመብርሃን ድረሺ፣ ዛሬም ለቀቅኩት! ሳኒ! ሳኒ!»

«እዚህ ነኝ።»

ከተማ ዞሮ ሲያይ ጓደኛው እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ውሃው ላይ ተኝቷል። ደግሞ እየሳቀ ነው። ሲስቅ ወገቡ አብሮ ይነቃነቃል እንጂ አያመውም።

«እንኳን ለቀቅከኝ፣ ከቴ። ወላሂ፣ እንኳን ለቀቅከኝ።»

ኦቦ ጀቤሳ በበኩላቸው ሬዲዮኑ እንዳልራሰ ካረጋገጡ በኋላ አልጋውን ወደ ዳር ስበው ጥግ ላይ ያሉትን ጀሪካኖች ፈቱ። አራቱ ግማሽ ድረስ ውሃ ሞልተዋል። አንዱን ክዳን አገላብጠው ሲያዩ መሐሉ ላይ በጋለ ምስማር የተበሳ ቀዳዳ አገኙ። አሸተቱት።

«ይኼ የጠጅ ነው! ጠጁ ሲፈላ እንዳይፈነዳ ነው ክዳኑን የበሱት። የዘይት አላልክም እንዴ?»

ከተማ ያን ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ሊሰምጥ ምንም አልቀረውም። ጀሪካኖቹ የሰፈራቸው የጠጅ ሻጭ የእትዬ ብርሃኔ ነበሩ። እስላም ጓደኛውን ጠጅ በነካ ዕቃ ላይ አስተኛሁት ማለቱ ከብዶት፣ በአመድና በሳሙና ሦስት ጊዜ አጥቦ ዘይት ነው አለ። ክዳኑን እስቲ እዩልኝ እንዳይል ደግሞ ምስጢሩ ሊወጣ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉሃል፤ የፈራም እንደዚያው ነው።

«ለዚህ ነው ንቡ!» አለ ሙሐመድሳኒ፣ አሁንም ውሃው ላይ እንደ ተንጋለለ። «ባዶ ጀሪካን ላይ መተኛት የሚያሰክር መስሎህ ነው? ብትነግረኝ ኖሮ ታጥቧል ብዬ እተኛበት ነበር።»

ኦቦ ጀቤሳ በየክዳኑ ሥር ፌስታል እያደረጉ አጥብቀው ዘጉና አልጋው ተመልሶ ቀና አለ። ሙሐመድሳኒ ሦስት ጊዜ ገብቶ ሦስቱንም ብቻውን ተንሳፈፈ። መሬት ሲረግጥ ያው ከዘራውን ይፈልጋል፤ ተአምር አልሆነም። ለሲስተር ሰሎሜ የሚነግራት ነገር ግን አግኝቷል፤ አዲስ አበባ መሄድ ቀርቷል። «ተመስገን፣ ጌታዬ» አለ በአማርኛ፣ በኦሮምኛም ደገመው፣ በዐረብኛም ደገመው።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ኦቦ ጀቤሳ ለሶላት ሄዱ። ሁለቱ አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተጋድመው ሲደርቁ ከተማ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«ሳኒ፣ ያን ቀን…»

«አውቃለሁ።»

«ቃልህን ሳልሰማ…»

«አውቃለሁ አልኩህ። አልዋሽህም፣ ክረምቱን ሙሉ ጠልቼህ ነበር። በር ላይ ድምፅህን ስሰማ የተኛሁ እመስል ነበር።»

«ገብቶኛል። እንቅልፍህን አውቀዋለሁ፤ ታንኮራፋለህ።»

«ታዲያ ለምን ትመጣ ነበር?»

ከተማ ትከሻውን ሰበቀ። ሙሐመድሳኒ በጎኑ ዞረ። በዚያ ጎኑ መዞር ከቻለ ስንት ጊዜው ነው!

«ዛሬ ውሃው ላይ ሆኜ ምን አሰብኩ መሰለህ? በቀን ሰባ፣ ሰማንያ ኬሻ ጀርባዬ ላይ አሳርፈሃል፤ ሃያ ሁለት ዓመት። ልጆቼ የበሉት፣ የተማሩት በዚያ ነው። ለአንዱም ገለቶሚ ብዬ አላመሰገንኩህም። አልወደቀማ! ሰው ላልወደቀ ነገር አያመሰግን። የወደቀችውን አንዷን ግን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆጠርኩብህ። ከቴ፣ ላልጣልካቸው ሁሉ ገለቶሚ።»

ከተማ እርጥብ ሸሚዙን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ሙሐመድሳኒ ዝም በል አላለውም፤ እጁን ትከሻው ላይ አሳርፎ እስኪጨርስ ጠበቀው።