ጊዜ የመለሰ ሰው ደም አለበት ወይ?

የፊልም መኪናዋ ቆቦ የምትመጣው በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ፊልሙ የሚታየው ከቀትር በኋላ፣ የቀበሌው አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተጋርደው ነበር። የቆላ ሙቀት፣ የታፈነ አዳራሽና አንድ ቀበሌ ሙሉ ሰው! መጀመሪያ ስለ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተሠራውን እናያለን፤ ያንን በትዕግሥት የጨረሰ የፈረንጁን ጀግና ያያል።

በዚያ ዓመት የመጣው ጀግና ቢጫ ጓንት ያጠልቃል። በጓንቱ የማማውን ትልቅ ሰዓት ወደ ኋላ ሲያዞር ዓለም አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የተሰበረ ብርጭቆ ይገጥማል፣ የፈሰሰ ውሃ ይመለሳል። ቋንቋውን የሚሰማ ባይኖርም ታሪኩ አልጠፋንም። ጀግናው ድልድይ ላይ ከጠላቱ ጋር ሲታገል የጠላቱን ታናሽ ወንድም ይገፋዋል፤ ልጁ ወንዝ ገብቶ ይሞታል። ጀግናው አልቅሶ፣ ሰዓቱን ወደ ኋላ ያዞርና ልጁ እንደገና ድልድዩ ላይ ቆሞ ሲስቅ ይገኛል። ጀግናው አጠገቡ ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ጠላቱ ግን የሆነውን ሁሉ ያስታውሳል፤ እስከ ፊልሙ መጨረሻም ያሳድደዋል።

ሌላ አገር ቢሆን ሰው ስለ ጓንቱ ይከራከር ነበር። እኛ ዘንድ የተነሣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ጀግናው ደም አለበት ወይስ የለበትም? በራያ ሰው የገደለ ሰው፣ ሽማግሌ ገብቶ የሟች ወገን እስኪታረቀው ድረስ ደም አለበት ይባላል። ከሟች ዘመድ ጋር በአንድ ዕቃ አይጠጣም፣ በሰፈራቸው አያልፍም። የመንግሥት እስር ለመንግሥት ነው፤ ደም አያደርቅም።

ክርክሩ የሚደራው በገበያ ቀን፣ አውራ ጎዳናው ዳር ባለው ሻይ ቤት ነው። የሻይ ቤቱ ባለቤት የለበትም ባይ ነበረች። «ልጁ ቆሞ እየሳቀ ደሙ ከየት መጣ? ሬሳ የሌለው ለቅሶ አይቼ አላውቅም!» ትላለች። የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ ሻዩን ቆሞ እየጠጣ «ጓዶች፣ ታሪክ የሚሄደው ወደ ፊት ነው! ጊዜን ወደ ኋላ የሚጎትት አድኃሪ ይባላል» ብሎ ጀግናውን ያወግዘዋል። እሱ እስኪወጣ ራሳችንን በስምምነት እንነቀንቃለን፤ ሲወጣ ካቆምንበት እንቀጥላለን። እኔ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩና «ጊዜው ከተመለሰ ጠላቱ እንዴት ያስታውሳል? እሱም አብሮ ተመልሷላ!» እያልኩ ጠረጴዛ እመታለሁ። ነገር ከያዝኩ አልለቅም፤ ዛሬም ያው ነኝ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ማሽላ ሊሸጥ ከዋጃ የሚመጣ አንድ ጠና ያለ ሰውዬ ነበር። «ወላሂ አለበት!» ይላል። «ሰዓቱ ቢመለስ፣ ፀሐይዋም ብትመለስ፣ እጁ ገፍቷል። ለዚያች አስተማሪ ንገሪያት፦ ጠላቱ ያስታወሰው ወንድሙ ስለሆነ ነው። ወንድም አይረሳም።»

«ለዚያች አስተማሪ» የሚለው በክንድ ርቀት ተቀምጬ ነው። እኔም «ለእኒያ ሰውዬ በይልኝ» እላለሁ። የሻይ ቤቱ ባለቤት የሰማነውን መልሳ ለሁለታችን ትነግራለች፤ ሌላው ሰው ብርጭቆውን ያያል። የዚህን ሰውዬ ታናሽ ወንድም የገደለው የእኔ አጎት ነበርና። ደም ሴትን ስለማይቆጥር በአንድ ሻይ ቤት እንቀመጣለን፤ ቃል መለዋወጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

አጎቴ ያኔ ገበሬ ነበር። በክረምት ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ወደ ማሳ የሚጠለፈው በተራ ነው። አንድ ሌሊት ከሰውየው ወንድም ጋር በተራው ተጣሉ፣ ዱላ ተነሣ፣ ሰው ሞተ። አጎቴ የተፈረደበትን ጨረሰ፤ ልብስ ስፌት የተማረውም እስር ቤት ነው። ሲፈታ ግን ዓለም ለእሱ በሰሜን በኩል ዋጃ ላይ አለቀች። ሴት ልጁ አላማጣ ተድራ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ አላማጣ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በዋጃ ነው። ደም ወንዱን ዘር ይከተላልና ባሏም ወንድ ልጅ ይዛ በዋጃ እንድታልፍ አይፈቅድም። አጎቴ ያላየውን የልጅ ልጁን ቁመት እየገመተ ቁምጣ ይሰፋና በሰው ይልካል። «ጠቦታል» የሚል መልስ ይመጣል። ሌላ ይሰፋል፤ «ሰፍቶታል» ይባላል።

ሽማግሌ ደጋግሞ ተልኳል። ሽማግሌዎቹ ዋጃ ሄደው «ጨለማ ነበር፣ ጎርፍ ያስደነግጣል፣ ሳያስበው ነው፣ የሰይጣን ነገር ነው» ይላሉ። ሰውየው አዳምጦ ይመልሳቸዋል።

ከሻይ ቤት ስመለስ አጎቴ የስፌት መኪናውን አቁሞ «እህሳ?» ይለኛል። አዳራሹ ውስጥ የሟች ወገን ይኖራል ብሎ ፊልሙን አላየም፤ የሚያውቀው በእኔ አፍ ብቻ ነው። የድልድዩን ነገር እስኪሰለቸኝ አስደግሞኛል። አንድ ቀን ክሩን እያስገባ ጠየቀኝ።

«ጊዜውን የመለሰው ለምን መሰለሽ?»

«ጀግናው ለሚወዳት ቆንጆ ነዋ! እንድትወደው ነው።»

«ተዪኝ እባክሽ። በልጁ አጠገብ ሲያልፍ አንገቱን ደፋ አይደል ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«የዳነ ሰው አይቶ አንገቱን የሚደፋ ማን አለ? ልጁ ቢነሣም እሱ ገድሏል፤ ያውቀዋል። ደም አለበት። ጨለማ ነበር አይበል፣ ሳላስበው ነው አይበል። ሰዓት ከሚጎትት የወንድምየው ደጅ ሄዶ ‹እኔ ነኝ› ማለት ነበረበት።»

ተናደድኩ። «ጋሼ፣ ግማሹ ሻይ ቤት የለበትም እያለ የሚጮኸው ላንተ ሲል እኮ ነው!»

«ለኔ አትጩኹልኝ» አለና ስፌቱን ቀጠለ።

በሚቀጥለው ገበያ የራሴን ክርክር አዘጋጅቼ ሄጄ ነበር። ሰውየው እንደ ልማዱ «አለበት!» ሲል ግን አፌ ላይ የመጣው የአጎቴ ቃል ነው። «ለእኒያ ሰውዬ በይልኝ» ብዬ ከአንገት መድፋቱ እስከ «እኔ ነኝ» ድረስ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

የሻይ ቤቱ ባለቤት መልሳ መናገር አቃታት። ሰውየው ብርጭቆውን አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄ ያንቺ ቃል አይደለም።»

«አይደለም» አልኩ።

«አንቺማ ሰዓቱን ነው የምትጨቃጨቂው። ይሄ አንገቱን የደፋ ሰው ቃል ነው።» ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ። «የሚመጣው ሽማግሌ ሁሉ ስለ ጨለማው ይነግረኛል። ጨለማውንማ እኔም አውቀዋለሁ። እስከ ዛሬ ‹እኔ ነኝ› ያለኝ የለም። ሽማግሌ ይላክ በይው። አብሽሪ፣ አልመልስም።»

አስተማሪ መሆኔን ረስቼ በገበያው መሀል ሮጥኩ። አጎቴ ስነግረው መቀሱን ይዞ ቁጭ እንዳለ ቀረ፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ተቀመጡ። አጎቴ ጨለማውን ሳያነሣ ያንኑ ቃል በራሱ አፍ ተናገረ፤ ደሙም ደረቀ። አላማጣ በሄድንበት ቀን አውቶቡሱ ዋጃ ሲቆም ሰውየው መውረጃው በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። እሱና አጎቴ በአንድ ጣሳ ውሃ ጠጡ።

«ጠላቱ ሲሮጥ አላሣቀህም?» አለው ሰውየው ጣሳውን እየተቀበለ።

«ፊልሙን አላየሁትም።»

«አላየኸውም!» ሰውየው እኔን አየኝ፣ እሱን አየና ሣቀ። «ሳታየው ነው እንዴ የረታኸን?»

አላማጣ ስንደርስ የልጅ ልጁ በር ላይ ቆሟል። አጎቴ የተሸከመውን የቁምጣ ጥቅል መሬት ላይ ተወው። ተንበረከከና ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ልጁን ከወገቡ እስከ ጉልበቱ ለካው። ልጁ ሜትሩ ኮርኩሮት እየሳቀ አልቆም ስላለው እንደገና ለካው።