ጋሼ የተፈረደባቸው ከተማ

እናቴን ለትዳር የጠየቋት ሰውዬ ታስረው እንደነበር የሰማነው ለቅሶ ቤት ነው። እዚህ በስደት አገር፣ ዳንደኖንግ ሰፈር ውስጥ ከአንድ የወሎ ቤተሰብ ጋር ተቀምጠን ሳለ አጠገቧ የነበረች ሴትዮ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ "ያ ሰውዬ እዚሁ አገር ገጠር ሳለ በወንጀል ተፈርዶበታል። ሳታጣሪ እንዳታገቢ" አለቻት። ምን ዓይነት ወንጀል እንደሆነ ግን አታውቅም። ከዚያ ቤት ሳንወጣ አንዷ ስርቆት ነው፣ ሌላዋ ነፍስ ነው ስትል ሰማን።

ሰውዬውን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ረጅም ናቸው፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ። መስጊድ በር ላይ ሰው ጫማው ሲጠፋበት ጎንበስ ብለው አብረው የሚፈልጉ ዓይነት ሰው። እናቴ አባቴ ከሞተ በኋላ ከኮምቦልቻ መጥታ ዲር ፓርክ የሚባል ሰፈር ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። እኔ መጋዘን ውስጥ የከሰዓት ሺፍት እሠራ ስለነበር ከሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ብቻዋን ነው የምታሳልፈው። ጋሼ ሲጠይቋት የሳቀችው ሳቅ ከልጅነቴ ጀምሮ ያልሰማሁት ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ቀበቶዋን አስራ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ፣

"እዚህ አገር የተፈረደ ነገር የት ነው የሚቀመጠው?" አለችኝ።

"ፍርድ ቤት ነዋ። ግን ለምን ራሳቸውን አትጠይቂያቸውም?"

"እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ግን እኔ ልወቀው። ያኔ የሚነግሩኝን መለየት እችላለሁ።"

በማግስቱ ፍርድ ቤት ስልክ ደወልኩ። ፖሊስ ዘንድ ያለው ሙሉ ማኅደር ባለቤቱ ራሱ ካልፈረመ ለማንም እንደማይሰጥ ነገሩኝ። ነገር ግን በግልጽ ችሎት የተነበበን ፍርድ፣ ያን ጉዳይ ያየውን ፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል፤ ስም፣ የልደት ቀንና በግምት ዓመቱን ይዞ መሄድ ነው። ጋሼ ይሠሩባት የነበረችው የገጠር ከተማ ትንሽ ስለሆነች የፍርድ ቤቷ ቢሮ በየቀኑ አይከፈትም። የሚከፈትበትን ቀን ጠይቄ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ።

ከሰንሻይን ጣቢያ ባቡር ተሳፈርን። ያ ጉዞ ዛሬ ሳስበው በከፊል ያለምኩት ይመስለኛል። ጸደይ ነበር። ከቤቶቹ ማለቂያ በኋላ ምድሩ ተዘረጋና ሰማዩ ወደ ታች ወረደ። በጎች እንደተቀመጡ ድንጋዮች ሜዳው ላይ ተበትነዋል። ከዚያ ድንገት ሁለቱም መስኮት ቢጫ ሆነ። እስከ አድማስ ድረስ አበባ ብቻ ነው። የእናቴ ፊት፣ ነጠላዋ፣ ጣሪያው ሳይቀር ቢጫ ለበሰ።

"ኑግ!" አለች እጇን መስታወቱ ላይ አድርጋ። "ኑግ ይዘራሉ እንዴ እነዚህ?"

አላውቅም አልኳት። ባቡሩ እያወዛወዘን እሷም እኔም ሳናውቀው እንቅልፍ ወሰደን፤ ስንነቃም ቢጫው አላለቀም። ከባቡሩ ወርደን አውቶቡስ ስንጠብቅ መንገድ ዳር ካለው እርሻ አንድ ቅጠል ቀጥፋ በጣቷ አሸች፣ አሸተተችና፣ "አይ፣ ጎመንዘር ነው" አለች፤ አገር ቤት የተወችው ጎረቤቷ እዚህ የበቀለ ይመስል ፈገግ ብላ።

ከተማዋ አንድ ሰፊ መንገድ ናት። ግራና ቀኝ ሰገነት ያላቸው የድሮ ሱቆች አሉ። ሰው አይታይም፤ አንድ ውሻ ጥላ ውስጥ ተኝቷል። ፍርድ ቤቱ ከቀይ ጡብ የተሠራ ትንሽ ቤት ነው፤ በሩ አጠገብ ጽጌረዳ ተተክሏል። ውስጡ የሰምና የአሮጌ እንጨት ሽታ አለው። ከመስኮቱ ኋላ ቀይ ፂም ያለው ጎልማሳ ተቀምጧል። የመጣንበትን ነገርኩት። አልቸኮለም። ስሙን ጠየቀኝ፣ ፊደል በፊደል ነገርኩት። የልደት ቀን ሲል ጃንዋሪ አንድ አልኩት።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ቀኑን ለማያውቅ ሰው ሁሉ የጻፉለት ያንን ነው" አልኩት።

ፈለገ፤ የለም። አጻጻፉን ቀይሬ እንደገና አስፈለግኩት፤ አሁንም የለም። እናቴ በአማርኛ ምን እንደሚል ጠየቀችኝና ስነግራት፣ "በአባታቸው ስም እየፈለገ ነዋ! እዚህ ሲመጡ ስማቸውን ገልብጠውባቸው ይሆናል። በራሳቸው ስም ይፈልግ" አለች። ያለችውን ነገርኩት። ጥቂት ቆየና ቀና ብሎ አየን። መገኘቱን ከፊቱ አወቅን።

በችሎት የተነበበውን ብቻ ልነግራችሁ እችላለሁ ብሎ ቀስ እያለ አነበበልን። መኪና በአደገኛ ሁኔታ በመንዳት በሰው ላይ ከባድ ጉዳት ማድረስ። ተከሳሹ ጥፋቱን አምኗል። እስራት ተፈርዶበታል። አንድ በአንድ ተረጎምኩላት።

"የተጎዳው ሰው ሞተ?" አለች እናቴ በእኔ በኩል።

"አልሞተም" አለ ሰውዬው።

"ማን ነው?"

ስሙን መናገር እንደማይችል ነገራት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች፤ አመሰገነችው። ስንወጣ ደረጃው ላይ ፀሐይ ላይ ተቀመጠችና፣ "ጥፋቱን አምኗል ነው ያለው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ደግመሽ ንገሪኝ።"

ደግሜ ነገርኳት። ከዚያ ተነስታ ወደ አውቶቡሱ ማቆሚያ መራችኝ።

በነጋታው ደውላ ጠራቻቸው። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እኔ ልነሳ ስል በዓይኗ ተቀመጪ አለችኝ።

"የተፈረደብዎት ከተማ ሄጄ ነበር" አለቻቸው።

ጋሼ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ከዚያ፣ "ምን አሏችሁ?" አሉ።

"የሰማሁትን ሰምቻለሁ። አሁን ከአንቱ አፍ ልስማው።"

ነገሯት። እዚያ ቄራ ይሠሩ ነበር። ከአገር ልጅ ጓደኛቸው ጋር አንድ ቤት ተከራይተው፣ በአንድ መኪና ነበር ሥራ የሚመላለሱት። አንድ ጠዋት ደብል ሺፍት ሠርተው ሲመለሱ መሪው ላይ እንቅልፍ ጣላቸው፤ መኪናው ከዛፍ ጋር ተላተመ። እሳቸው ብዙም አልተጎዱም፤ ጓደኛቸው ግን አንድ እግሩ ተቆረጠ።

"መንዳት እንደሌለብኝ አውቅ ነበር። ደክሞኛል ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ ነዳሁ" አሉ። "ዳኛዋ ስትጠይቀኝ አዎ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?"

"ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?"

"ልነግርዎት ስመጣ ይስቃሉ። ሳቅዎ እንዳይጠፋ ፈራሁ።"

እናቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ሰውዬውን ማየት እፈልጋለሁ" አለች።

ጓደኛቸው የሚኖሩት ዳንደኖንግ ነበር። ጋሼ ናቸው ይዘውን የሄዱት። ሙሉውን መንገድ በግራ ጥግ በዝግታ ነዱ፤ መኪኖች እየተቆጡ ያልፉናል፤ ከተማው ከመስታወቱ ውጭ በሙቀት እየቀለጠ የሚፈስ ይመስላል። በሩን የከፈቱልን ሰውዬ ወፍራም ናቸው፤ ክራንቻቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው፣ "ሙሽራዋ ይቺ ናት?" ብለው ሳቁ። ሻይ ቀረበ። እናቴ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም።

"ይቅር ብለዋቸዋል ወይ?" አለች።

ሰውዬው ስኳሩን እያማሰሉ አሰቡ። "ለብዙ ጊዜ ላየው አልፈለግሁም። እስር ቤት እያለ የላከልኝን ሰላምታ ሳልቀበል እመልሰው ነበር። ከወጣ በኋላ በየጁምዓው መስጊድ ሊወስደኝ በሬ ላይ ይቆማል፤ እኔ አልወጣም። እሱ ይጠብቅና ይሄዳል። አንድ ጁምዓ ዝናብ ነበር፤ በመጋረጃው አየሁት፤ ዣንጥላ ይዞ ቆሟል። ወጣሁ።" ሻያቸውን ፉት አሉ። "እሱ ተኝቶ ነበር ይላሉ። እኔስ? እኔም አጠገቡ ተኝቼ ነበር። ሁለታችንም ደክሞን ነበር። እግሬ ግን እስካሁን ያሳክከኛል፤ የሌለው። ያን ማሳከክ ይቅር ልለው አልችልም፤ ያ ግን የእግሬ ጉዳይ እንጂ የእሱ አይደለም።"

ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እናቴ የሰውዬውን ብርጭቆ እንደገና ሞላችላቸውና፣ "ኒካሑ ላይ ምስክር ይሆኑልናል?" አለች።

"ሌላ ማን ሊሆን ነበር?" አሉ።

ኒካሑ የታሰረው ሳሎናችን ውስጥ ነው። ሰው ብዙ አልነበረም። ለቅሶ ቤት ያን የነገረቻት ሴትዮም ተጠርታ መጥታለች፤ እናቴ ከሁሉ አስቀድማ ለእሷ ነው ምግብ ያቀረበችላት።

ከዚያ በኋላ ትሩጋኒና የሚባል አዲስ ሰፈር ቤት ተከራይተው ገቡ። ያኔ እዚያ መንገዱ ተሠርቶ ብዙው ቤት ገና አልተሠራም ነበር፤ መብራቶቹ ባዶ ሜዳ ላይ ይበሩ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ ሶፋቸው ላይ ጋደም ስል እንቅልፍና ንቃት መሃል ሆኜ ከጓዳ ድምፃቸውን እሰማለሁ። እሳቸው ወዲያው አንቺ ማለት ጀምረዋል። እሷ ግን እስከ ዛሬ አንቱ ነው የምትላቸው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ "ወድጄ ነው" አለችኝና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።