አራተኛው ፊት

ሰፈርተኛው ሁሉ እግር ሠሪው ነው የሚለው። በሆስፒታሉ ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ እግርና እጅ ላጡ ሰዎች ምትክ ሲሠራ ሠላሳ ዓመት ሞላው። እጁ የተባረከ ነው፤ ከአፉ ግን አንዲት ቃል ወጥታ አታውቅም፣ «አይሆንም»። ጎረቤት መሰላሉን ተውሶ ዓመት ቢያስቀምጥበት ዝም፣ ባልደረባው ተረኛነቱን ቢጭንበት እሺ ነው። ሚስቱ ጤነኛ ሳለች «ከእኔ ቀድማ ሌላ ሴት ጠይቃህ ቢሆን ኖሮ እሷን ታገባ ነበር» እያለች ታበሽቀው ነበር። እሱም ሆዱን ይዞ ይስቃል እንጂ አይክድም።

ከዚያ የመርሳት በሽታ ያዛት። መጀመሪያ ቁልፏን ረሳች፣ ቀጥሎ የቤቷን መንገድ፣ በመጨረሻ ባሏን። ጠዋት ቁርስ ሲያቀርብላት በትሕትና ቀና ብላ «ማን ልበል?» ትለዋለች። ስሙን ይነግራታል። «እንኳን ደህና መጡ» ብላ ወንበር ታሳየዋለች። እሱም ይቀመጣል።

በዚያ ሰሞን አንድ የፊልም ዳይሬክተር ወደ ሥራ ክፍሉ መጣ። ፊልሙ ከሌላ ዓለም የመጣች ፍጡር የሰው ፊት አጥልቃ ከተማ ውስጥ ስትኖር የሚያሳይ ነው። ተኩስ የለበት፣ በራሪ መርከብ የለበት፣ ወሬ እንኳ እምብዛም የለበት። እሷ ሰዉን ታያለች፣ ሰዉ ያልፋል፣ በቃ። ተዋናይዋ የምታጠልቀውን ፊት የሚሠራለት ሰው ፈልጎ ነው የመጣው። ለመነጋገር ቤት ድረስ ሲሄዱ ሚስቲቱ ዳይሬክተሩን አይታ «ማን ልበል?» አለችው። ሰውዬው ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ጋሼ፣ የምፈልገው ፊት ይሄ ነው። ከእኚህ እናት ፊት ላይ ይሥሩልኝ» አለ።

እግር ሠሪው እሺ አለ። ምን ሊል ኖሯል?

ሴት ልጁ ስትሰማ እሳት ለበሰች። «እሷ እኮ እሺ አላለችም፣ አባዬ። እሺ ያልከው አንተ ነህ።» እሷም የአባቷን ጠባይ ታውቃለችና የወጣ ቃሉን ማስመለሱን ተወችው። «እንግዲያው ከምትሠራቸው ፊቶች አንዱ ለእኔ ይቀራል። ማልልኝ» አለችው። ማለላት።

ጀሶውን ሚስቱ ፊት ላይ ያፈሰሰው ራሱ ነው። አፍንጫዋ ውስጥ ሁለት የመተንፈሻ ቱቦ አድርጎ፣ እስኪደርቅ አጠገቧ ቁጭ አለ። ከጀሶው ስር ሆና እጁን ጭብጥ አድርጋ ያዘችው። የማያውቁትን ሰው እጅ እንዲህ አይዙትም ብሎ ራሱን አጽናና፤ እውነት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አያውቅም።

ጀሶ ደግሞ ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። የፊቷ ቅርጽ በቀረበት ጀሶ ላይ ፈሳሽ ላስቲክ ፈሶ፣ ደርቆ በተላጠ ቁጥር ጠርዙ ይፈረፈራል፤ ከአራተኛው በኋላ አፍንጫና ጉንጭ አይለይበትም። ስለዚህ ፊቱ አራት ብቻ ነው፤ ሦስቱ ለፊልሙ፣ አራተኛው ለልጁ። ሁለተኛውን ሲሠራ ሚስቱ አረፈች። ከቀብር በሦስተኛው ቀን ቅንድብ ሲተክል ያዩት ባልደረቦቹ ጨካኝ ነው አሉ። ጨካኝ አልነበረም፤ ቀጠሮ ሰጥቶ ነበር።

የመጀመሪያው ፊት ለመንገዱ ቀረጻ ሲጠለቅና ሲወልቅ ተቀደደ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ለመጨረሻው ትዕይንት ተቀመጡ። እዚያ ላይ ፍጡሯ ሰው መሆን ይደክማትና ፊቷን አውልቃ ወንዝ ላይ ትለቀዋለች። ወንዙ ደራሽ ነው፤ የወሰደውን አይመልስም። ሁለተኛው ሲለቀቅ ፀሐይዋ ደመና ውስጥ ገባችና ቀረጻው ተበላሸ ተባለ። ሦስተኛው ሲለቀቅ የአንድ ሠራተኛ ጥላ ውሃው ላይ አረፈ። ዳይሬክተሩ ራሱን ይዞ ተቀመጠ፤ ከዚያ ተነሥቶ ፊቱን ሊያለብስ አብሯቸው ወደ ወጣው እግር ሠሪ መጣ።

«ጋሼ፣ አራተኛ እንዳለ ሰምቻለሁ።»

«እሱ የልጄ ነው» አለ እግር ሠሪው። በሕይወቱ ለእምቢታ የተጠጋው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አውቃለሁ። ያለ እሱ ግን ፊልሙ የለም። ባለቤትዎም አብረውት ጠፉ ማለት ነው።»

ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ ሃያ ሰው ቆሞ ያየዋል። ማምሻውን ለልጁ ሊያደርስ የያዘውን ሳጥን ከመኪናው አወጣ። ተዋናይዋ ፊቱን ለበሰችና ቀና ብላ አየችው፤ በዚያው በሚያውቀው እንግዳ አስተያየት። በሰባት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም አለቀ።

ልጁ ባዶ ሳጥኑን አይታ ወጥታ ሄደች፤ ስምንት ወር ደጁን ሳትረግጥ ቆየች። ስልክ ስትደውል እንኳ ስለሚወስደው የደም ግፊት መድኃኒት ጠይቃ ትዘጋለች። እሱም እዚያች ክፍል ውስጥ የሰው እግር እየለካ ዋለ፤ አመሸ።

ፊልሙ ሲመረቅ ግን መጣች፤ አጠገቡ ተቀመጠች። አዳራሹ ሙሉ ነው። እናቷ በሸራው ላይ መንገድ ስታቋርጥ፣ የሱቅ መስታወት ስታይ፣ አላፊ አግዳሚውን ቀና ብላ ስታስተውል ሁለቱም ከወንበራቸው ወደፊት ተጠጉ። በመጨረሻ ፊቱ ወንዙ ላይ ሰማይ ሰማይ እያየ ሄደ። ደመና ያጠላበት ውሃ ግራጫ ሆኖ ነበር፤ ያምር ነበር። ልጁ እያለቀሰች የአባቷን እጅ ያዘች።

«ለዚህ ከሆነስ ይሁን፣ አባዬ» አለች።

እግር ሠሪው ግን የግራውን ቅንድብ እያየ ነበር። ዝቅ ብሏል። ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን አዛንፎ የተከለው ነው፤ ሁለተኛው ፊት ነው። ዳይሬክተሩ ሲያስብ ከርሞ ደመናውን ወዶታል፤ አራተኛው በከንቱ ሄዷል ማለት ነው።

«ይሄ የእኔው ነው፣ አይደል?» አለችው።

«አዎ» አላት። «ያንቺው ነው።»