ዲዳው መንፈስ

ዛሬ ጠዋት ጸጉሬን ልታጠብ ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያው ጣሳ ውኃ ማጅራቴ ላይ ሲያርፍ፣ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ሸሸ። ውኃው ለብ ያለ ነበር። ሰውነቴ ግን ጠበል መሰለው። ስድስት ዓመት ሆነው፤ ማጅራቴ ያንን ሰውዬ እስካሁን አልረሳውም።

ሰውዬው አጥማቂ ነኝ ባይ ነበር። ቄስ አልነበረም፤ ዲያቆንም አልነበረም። ካህኑ ውኃውን ባርከው ወደ ቅዳሴ ሲገቡ ቦታው የሱ ይሆናል። ከሰባታሚት ወዲያ ካለች አንዲት ምንጭ ዳር ቢጫ ነጠላውን አጣፍቶ ይቆምና የእንጨት መስቀሉን ከብት እንደሚነዳ ሰው ያወናጭፈዋል። እዚያ የወሰደችኝ እናቴ ናት። ለምን እንደወሰደችኝ ልንገራችሁ።

በዚያ ሰሞን ወንድሜ ታፍሶ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ጎደለ ተባለና፣ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ይዞ ሲመለስ መንገድ ላይ ያዙት። ቅርጫቱን ሌላ ሰው አምጥቶ ደጃችን አስቀመጠልን፤ ዓሣዎቹ ገና እርጥብ ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉሮሮዬ እህል አልቀበል አለ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ስሜን ሲጠራ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ድሮም ዓይን አፋር ነበርሁ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን የተውሁትም አስተማሪ ሲጠይቀኝ ድምፄ እየጠፋ ስላስቸገረኝ ነው።

እናቴ መጀመሪያ ቀበሌ ሄዳ ለመነች። እኔም አብሬያት ነበርሁ። ሊቀመንበሩ የልጇን ነገር ትቶ እጄን አየ።

«ይህቺ ደግሞ ምን ሆና ነው?»

«ጭንቀት ነው ጌታዬ» አለች እናቴ።

«ጭንቀት የንዑስ ከበርቴ በሽታ ነው። ሥራ ስጧት።»

እኛ ቤት የነበረው ሀብት አንዲት ዶሮ ናት። እሷም እንቁላል ካቆመች ሰንብታለች። ብቻ ወጣቶቹ ከሐይቁ አጠገብ ባለ መጋዘን ተዘግቶባቸው እንዳሉና ቅዳሜ ጠዋት በመኪና እንደሚሄዱ ከሱው አፍ ሰማን። የበጀን ይኸ ብቻ ነው።

ሰኞ ማለዳ ጠበሉ ደረስን። እርጥብ ጭቃና የጧፍ ሽታ አለ፤ ብርሃኑ በዋርካው ቅጠል መሐል እየተቆራረጠ ይወርዳል። ከፊቴ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ጮኹ፣ ተንከባለሉ፣ የመንፈሳቸውን ስም ተናገሩና ወጡ። ተራዬ ሲደርስ ሰውዬው ሦስት ጣሳ ማጅራቴ ላይ ለቀቀና መስቀሉን ግንባሬ ላይ ጫነው።

«ማነህ አንተ? ተናገር።»

ዓይኔን ጨፈንሁ።

«ከየት ያዝሃት? ከወንዝ ነው ከመቃብር?»

ጥርሴ ተንገጫገጨ እንጂ ቃል አልወጣኝም። ሰውዬው ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ዲዳ ነው» አለ፤ ፊቱ ላይ ትልቅ ዓሣ የያዘ ሰው ደስታ ነበር። «ክፉው ዓይነት ይኸ ነው።»

«አባቴ፣ ልጅቱ ድሮም ዓይን አፋር ናት» አለች እናቴ።

«ቤቱን የሠራው እዚያው ዓይን አፋርነቷ ላይ ነው። ስሙን ሳይናገር ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል። ብትሄድ ወዳንቺ ነው የሚዞረው።»

እናቴ አመነችው። እኔ የታየኝ ቅዳሜ ብቻ ነው።

ማክሰኞም ዝም፣ ረቡዕም ዝም። ከኛ ጋር ጠበልተኞች በሚያድሩበት ዳስ ውስጥ የምታድር አንዲት የመሸንቲ ሽንኩርት ነጋዴ ታዝናለች፣ ትስቃለችም።

«ምነው አንቺ ልጅ፣ ጩኺለትና ሂጂ እንጂ። እኔ ስንት ናችሁ ሲለኝ አርባ ነን አልሁት። አርባ ብል ምን ጎደለብኝ?»

ሐሙስ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ የሚጠርጉ አንዲት እማሆይ ዋርካው ሥር አገኙኝ። ትንፋሽ አጥሮኝ ነጠላዬን ነክሼ ነበር። መጥረጊያቸውን ጣል አድርገው አጠገቤ ተቀመጡና ምን እንደሆንሁ ጠየቁኝ። ከመጣሁ ወዲህ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ቀስ እያልሁ ነገርኋቸው።

«ጋኔን የለብሽም ልጄ። ያለብሽ ወንድምሽ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ እማሆይ?»

«አየር ስትስቢ እግዚኦ በዪ፤ ስታወጪ ተሣሀለነ። በልብሽ። እግዚአብሔር እንደዚያ ሰውዬ ካልጮኹለት የማይሰማ አይደለም።»

ሞከርሁት። ፍርሃቱ አልሄደም፤ ደረቴ ላይ መቀመጡን ትቶ አጠገቤ ተቀመጠ። በዚያ ቀን ግማሽ ቂጣ ዋጥሁ።

ዓርብ ጠዋት እንደ ሽንኩርት ነጋዴዋ ልጮህ ቆርጬ ወረድሁ። መስቀሉ ግንባሬን ሲነካኝ ግን አልቻልሁም። ሰውዬውን ብዋሽ ግድ አልነበረኝም፤ መስቀሉ ግን የሱ አይደለም፣ የያዘው እሱ ነው እንጂ።

«ማነህ አንተ?»

ሳብሁ፤ እግዚኦ። አወጣሁ፤ ተሣሀለነ።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «የሷ ልጅ ነኝ። ነገ ወንድሜን ልሸኝ ነው የምፈልገው። ጋኔን የለብኝም።»

ሰውዬው እጁን ወደ ላይ አነሣ። «ተናገረ። በሷ አፍ እየተናገረ ነው፤ ሰምታችኋል። እዚያው ሆኖ ነው የለሁም የሚለው።»

ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ መሬት ስማ አለቀሰች። በዕድሜዬ ሰው ፊት ቆሜ አንድ እውነት ብናገር፣ ለሰይጣን ሰጡት። ሰውዬው «ወጥቶላታል፣ ትሂድ» ሲል ላቡን በነጠላው ጫፍ እየጠረገ ነበር፤ ሲደክም የዋለው እሱ ይመስል። ሽንኩርት ነጋዴዋ ስታልፍ ጎኔን ቆነጠጠችኝ።

«አሳጠርሽው እንጂ ደህና ነው» አለች።

ቅዳሜ ከመጋዘኑ በር ደረስን። የቀበሌው ሊቀመንበር በድምፅ ማጉያ ስለ ጀግንነት ይለፈልፋል፤ የራሱ ልጅ ከጎኑ ቆሞ ያጨበጭባል። ከሐይቁ የሚነፍሰው ነፋስ የናፍጣውን ጭስ ዓይናችን ውስጥ ይሞጅረዋል። በሩ ላይ የቆመውን ወታደር «ወንድሜን ልሰናበተው» አልሁት። ድምፄ ወጣ። ፈጥነሽ ተመለሽ ብሎ አሳለፈኝ።

ወንድሜ መኪናው ላይ ተጭኖ ነበር። ሲያየኝ ፈገግ አለ።

«ጠበል ወረድሽ አሉ። ዳንሽ?»

«አልዳንሁም።»

«እንደዚያማ ከሆነ ጥሩ ነው፤ የማውቃት እህቴ አለች ማለት ነው» አለና በመኪናው አጥር በኩል እጁን ሰደደልኝ።

ያዝሁት። በየመንገዱ ሰው የሚያስቅ፣ የሐይቁን ማዕበል በታንኳ የሚሻገር ወንድሜ፣ እጁ ከኔ እጅ ይልቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱን ማንም ምን ሆንህ ብሎ አልጠየቀውም። እኔም አልጠየቅሁት። በልቤ ስስብና ሳወጣ እጁ በእጄ ውስጥ ቀስ በቀስ መርጋት ጀመረ። ሞተሩ ሲነሣ ሊረጋ ትንሽ ቀርቶት ነበር።